ደን ርዕደ መሬትን ይመክታልን? ሜታማቴሪያል፣ የሞገድ ልክና የቡና አገር ሕንፃዎች

ሞገድ ቁስን ከቦታ ወደ ቦታ አያጓጉዝም፤ የሚያጓጉዘው ጉልበትን ነው። ይህ በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መጽሐፍ ውስጥ በአንድ መስመር ተጽፎ የሚታለፍ ሐሳብ ርዕደ መሬትን ለመረዳት ዋናው መነሻ ነው። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ አለት ሲሰነጠቅ የሸለቆው አፈር ሚዛን ተፈሪ ድረስ አይመጣም፤ ጉልበቱ ግን በአለትና በአፈር ውስጥ አልፎ ይመጣል። በመሆኑም ሕንፃን ከርዕደ መሬት ለመጠበቅ ሁለት መንገዶች ይታሰባሉ። አንደኛው ሕንፃው የሚደርስበትን ጉልበት ችሎ እንዲቆም አድርጎ መሥራት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጉልበቱ ከሕንፃው ሳይደርስ መንገዱን ማስቀየር ነው። የመጀመሪያው መሐንዲሶች ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ የደከሙበት ሥራ ሲሆን፣ ሁለተኛው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከምኞት የማያልፍ ተደርጎ ይቆጠር ነበር።

ይህ ሁለተኛው መንገድ ዛሬ ሜታማቴሪያል በሚባል ስም በብዙ ቤተ ሙከራዎች ይጠናል። ከጥናቶቹ መካከል በተለይ የዛፎች ረድፍ የመሬት ንዝረትን ሊያቆም ይችላል የሚለው ውጤት ሲሰማ፣ ሚዛን ተፈሪ፣ ቴፒና በበቃ አካባቢ የሚማር ወጣት ዙሪያውን አይቶ «እንግዲያው እኛ በደን የተከበብን ሰዎች ተጠብቀናል ማለት ነውን?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ ነገሩ በምን ሕግ እንደሚሠራና እስከ ምን ድረስ እንደሚሠራ እንመለከታለን። የምንጠቀምበት ሒሳብ ከማባዛትና ከማካፈል ብዙም አያልፍም።

የደቡብ ምዕራቡ ድርሻ

የአገራችን ርዕደ መሬት አብዛኛው የሚነሣው ከስምጥ ሸለቆና ከአፋር ዝቅተኛ ሥፍራ ነው። በነሐሴ 1898 ዓ.ም. ከላንጋኖ አካባቢ የተነሣው አዲስ አበባን አናውጧል። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው ተከታታይ መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል፤ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር የሰርዶ መንደር ወድሟል። እነዚህንና ከእነዚህ የቀደሙትን መርምረው በአንድ መጽሐፍ የሰበሰቡልን የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ መሥራች አባ ፒየር ጉዋን ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመው ያ ሥራቸው ዛሬም በመስኩ ለሚሠራ ሁሉ መነሻ ነው። በቅርቡም በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ ለወራት የቀጠለው መንቀጥቀጥ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቀያቸው ያፈናቀለ ሲሆን፣ ትልልቆቹ ማግኒቲዩዳቸው ወደ 6 የሚጠጋ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ በረጃጅም ፎቆች ላይ የነበሩ ሰዎች መወዛወዙን በሚገባ አውቀውታል።

ሚዛን ተፈሪና ቴፒ የሚገኙት ከስምጥ ሸለቆው ማዕከል በስተምዕራብ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው በደጋማው ገጽ ጠርዝ ላይ ነው። ስለዚህ ከእግራቸው ሥር የሚነሣ ትልቅ ርዕደ መሬት የዘወትር ሥጋታቸው አይደለም። ይሁን እንጂ ሩቅ ሆኖ የሚነሣው ይመለከታቸዋል። በጥቅምት 1980 ዓ.ም. በሐመር ተራሮች አካባቢ ማግኒቲዩዱ 6.2 የሆነ ርዕደ መሬት ደርሶ ነበር። ግንቦት 12 ቀን 1982 ዓ.ም. ደግሞ በዛሬይቱ ደቡብ ሱዳን፣ ከጁባ ብዙም ሳይርቅ፣ ከ7 የበለጠ ርዕደ መሬት ተነሥቷል። ይህ በሃያኛው ክፍለ ዘመን በአፍሪካ ከተመዘገቡት ትልልቆቹ አንዱ ሲሆን፣ ከሚዛን ተፈሪ በቀጥታ መስመር ያለው ርቀት 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የእኛ ጥያቄ እንግዲህ ከሩቅ የሚመጣ ሞገድ በምን መልክ ይደርሰናል የሚለው ነው። ወደዚህ ጥያቄ እንመለስበታለን፤ መልሱ የሜታማቴሪያሉን ጉዳይ ሁሉ የሚወስን ሆኖ እናገኘዋለንና።

ንብረቱ ከስፌቱ ሲመጣ

ስንደዶና አክርማ ለብቻቸው ሣር ናቸው፤ ውኃ ቢፈስባቸው ያሳልፋሉ። ስፌቱ ሲጠብቅና ሥርዓት ሲይዝ ግን ፈሳሽ የሚይዝ ዕቃ ይወጣቸዋል። አዲሱ ንብረት የመጣው ከሣሩ ሳይሆን ከአሰፋፉ ነው። ሜታማቴሪያል የሚባለውም ይኸው ነው፤ ጠባዩን የሚያገኘው ከተሠራበት ንጥረ ነገር ይልቅ ከውስጥ አደረጃጀቱ ነው። «ሜታ» የሚለው የግሪክ ቃል «ባሻገር» ማለት ሲሆን፣ ስያሜውም ከተራው ቁስ ጠባይ ባሻገር የሄደ ለማለት የተሰጠ ነው።

ሐሳቡ የተነሣው በብርሃን ሳይንስ ነው። ሶቪየታዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪክቶር ቬሴላጎ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ብርሃንን በተቃራኒ አቅጣጫ የሚያጥፍ ቁስ ቢኖር ምን ይሆን ነበር ብሎ በወረቀት ላይ አሰላ፤ እንዲህ ያለ ቁስ በተፈጥሮ ስላልተገኘ ስሌቱ ለሠላሳ ዓመታት ያህል ተቀመጠ። እንግሊዛዊው ጆን ፔንድሪና ሌሎች ከመዳብ ቀለበትና ሽቦ ሊሠራ እንደሚቻል ካሳዩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 አንድን ዕቃ ከማይክሮዌቭ የሚሰውር መሣሪያ በሙከራ ታየ። ከዚያ ወዲህ ጋዜጦች ይህንኑ የ«መሰወሪያ ካባ» ወሬ ወደ ርዕደ መሬት አዛውረው ከተማን የሚሰውር ካባ ሊሠራ ነው ይላሉ። ቃሉ ማራኪ ቢሆንም አሳሳች ነው እንላለን፤ ምክንያቱ ከዚህ በታች ይታያል።

የግሬኖብል ጉድጓዶች

የርዕደ መሬት ሞገድ በሁለት ይከፈላል፤ በምድር ውስጥ የሚያልፍና በገጹ ላይ የሚሄድ። በገጽ ላይ ከሚሄዱት አንዱ እንግሊዛዊው ሎርድ ሬሌይ እ.ኤ.አ. በ1885 በስሌት የተነበየው የሬሌይ ሞገድ ነው። ይህ ሞገድ አፈሩን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያዞረ ያልፋል። ወደ ጥልቀት የሚደርሰው አንድ የሞገድ ርዝመት ያህል ብቻ ስለሆነ ጉልበቱ በገጹ አካባቢ ይቆያል። ከሩቅ ለሚመጣ ርዕደ መሬት የገጽ ሞገዶች ድርሻ ከፍተኛ ነው። በገጹ ላይ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ በገጹ ላይ በተሠራ ነገር ሊገታ ይችላል የሚል ተስፋ ይኖራል።

እ.ኤ.አ. በ2012 በፈረንሳይ አገር በግሬኖብል ከተማ አጠገብ ስቴፋን ብሩሌ፣ ሴባስቲያን ጌኖና ባልደረቦቻቸው ይህን ተስፋ በሜዳ ላይ ፈተኑት። በሸክላማ አፈር ውስጥ ስፋታቸው 32 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀታቸው 5 ሜትር የሆኑ ጉድጓዶችን በ1.73 ሜትር ርቀት በረድፍ በረድፍ ቆፈሩ። ከአንድ ወገን በሰከንድ 50 ጊዜ የሚነዝር መሣሪያ አቆሙና ንዝረቱን በዙሪያው በመለኪያ ተከታተሉ። ሞገዱ ከሁለተኛው ረድፍ አልፎ ብዙም ሊሄድ አልቻለም፤ አብዛኛው ወደ መጣበት ተመለሰ።

ለምን 1.73 ሜትር? ፍጥነት ማለት ድግግሞሽ ሲባዛ በሞገድ ርዝመት ነው። በዚያ አፈር የገጽ ሞገድ ፍጥነት በሰከንድ ከ80 ሜትር ጥቂት ያነሰ ነበር፤ ይህ ለ50 ሲካፈል የሞገዱ ርዝመት 1.5 ሜትር ገደማ ይሆናል። የጉድጓዶቹ ርቀት ከሞገዱ ርዝመት ጋር ተቀራራቢ እንዲሆን የተመረጠ ነው። እንዲህ ሲሆን ከእያንዳንዱ ረድፍ የሚመለሱት ትንንሽ ሞገዶች ተደጋግፈው አንድ ትልቅ ተመላሽ ሞገድ ይሆናሉ፤ ወደ ፊት የሚሄደው ግን ይጠፋል። ሴሚኮንዳክተር ውስጥ ኤሌክትሮን ሊይዘው የማይችል የተከለከለ የጉልበት ክልል እንዳለ ሁሉ፣ ለዚህ መሬትም የተከለከለ የድግግሞሽ ክልል ተፈጠረለት ማለት ይቻላል።

አሁን ይህንኑ አጥር ለእውነተኛ ርዕደ መሬት እናሳድገው። ሕንፃ የሚያፈርሰው ርዕደ መሬት ድግግሞሹ በአብዛኛው ከ10 ሄርዝ በታች ነው፤ ለምሳሌ 1 ሄርዝ እንውሰድ። በለስላሳ አፈር ላይ ፍጥነቱን በሰከንድ 200 ሜትር ብናደርገው የሞገዱ ርዝመት 200 ሜትር ነው፤ ከግሬኖብሉ ከ120 እጥፍ በላይ። ሁሉንም ልክ በዚሁ ብናባዛ እያንዳንዱ ጉድጓድ ስፋቱ 40 ሜትር፣ ጥልቀቱ ከ600 ሜትር በላይ፣ ከጎረቤቱ ያለው ርቀት ከ200 ሜትር በላይ ይሆናል! አንዲት ከተማ በእንደዚህ ያለ ገደል ከታጠረች በርዕደ መሬት ባትጎዳም በሌላ ነገር መጎዳቷ አይቀርም። በዚያ ላይ በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚዘንብበት አገር የሸክላ አፈር ጉድጓድ ውኃ ሞልቶ ግድግዳው መናዱ የታወቀ ነው።

ብሩሌና ባልደረቦቹ በሌላ ሙከራ በሊዮን ከተማ አጠገብ 2 ሜትር ስፋት ያላቸው ጉድጓዶች በ7 ሜትር ርቀት ቆፍረው፣ 17 ቶን የሚመዝን ክብደት ከከፍታ እየለቀቁ ዝቅ ባለ ድግግሞሽም ጭምር ፈትነዋል። ከዚያ የተገኘው ትምህርት ሌላ ነው። ጉድጓዶቹ ሞገዱን እንደ ሌንስ አጥፈው በሌላ ቦታ ሰበሰቡት። ጉልበት እንደማይጠፋ እናውቃለን፤ ከአንዱ ግቢ የተመለሰው ጉልበት ወደ ሌላ ሰው ግቢ ይሄዳል። በግሬኖብሉም ሙከራ ከአጥሩ ወዲህ፣ በምንጩ በኩል፣ ንዝረቱ ከፊቱ የበለጠ ሆኖ ተለክቷል። ሆስፒታሉን የሚጠብቅ አጥር ንዝረቱን ወደ ጎረቤት ትምህርት ቤት የሚልክ ከሆነ ማን ፈቅዶ ይተከላል? ይህ የፊዚክስ ጥያቄ ባይሆንም ፊዚክሱ ነው ያመጣው።

ላስቲክና ጠጠር

ከሞገዱ ርዝመት እጅግ ያነሰ ነገር ሞገዱን ሊያቆም ይችላልን? ይችላል። አንባቢው ይህን በገዛ እጁ ሊያየው ይችላል። ከአሮጌ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቀጭን ቁራጭ ይቁረጥና ጠጠር አንጠልጥሎበት እጁን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅስ። በዝግታ ሲያንቀሳቅስ ጠጠሩ እጁን ተከትሎ ይወጣል፣ ይወርዳል። ትንሽ ሲያፋጥን በአንድ የተወሰነ ፍጥነት ላይ እጁ ጥቂት ብትነቃነቅ እንኳ ጠጠሩ እጅግ ይዘላል፤ ይህ ሬዞናንስ ነው። ከዚያ በላይ ሲያፋጥን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ እጁ ሲወጣ ጠጠሩ ይወርዳል፣ እጁ ሲወርድ ጠጠሩ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ጠጠሩ እጁን የሚጎትተው ሁልጊዜ ወደ ተቃራኒው ነው።

እጁን መሬት እናድርገው፤ ጠጠሩን በመሬት ላይ የተተከለ ክብደት። የገጽ ሞገድ መጥቶ መሬቱን ወደ ላይ ሊገፋ ሲል ክብደቱ ወደ ታች ይስበዋል። እንዲህ ያሉ ክብደቶች ብዙ ሆነው ከተሰለፉ ሞገዱ ማለፊያ ያጣል። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ የክብደቶቹ ርቀት ከሞገዱ ርዝመት ጋር መመጣጠን አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው የእያንዳንዱ ክብደት የራሱ ድግግሞሽ ከሞገዱ ድግግሞሽ ጋር መቀራረቡ ነው። በሆንግ ኮንግ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 አንድ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸውን የእርሳስ ኳሶች በላስቲክ ለብጠው 400 ሄርዝ አካባቢ ያለ ድምፅ አቆሙባቸው። የዚህ ድምፅ ርዝመት በአየር ላይ 85 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ እንዲህ ያለውን ሞገድ የአንድ ሴንቲ ሜትር ኳስ ገታው።

ዛፍ እንደ ንዝረት ተቋም

አሁን ወደ ደኑ እንግባ። ዛፍ ሥሩ በመሬት የተያዘ፣ ጫፉ ግን ነፃ የሆነ ረጅም ዘንግ ነው። መሬቱ ወደ ላይና ወደ ታች ሲነዝር ግንዱ ውስጥ የመጨናነቅና የመሳሳብ ሞገድ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ከጫፍ ደርሶም ይመለሳል። አንድ ጫፉ የተደፈነ የሸምበቆ ቱቦ ሲነፋ ድምፅ የሚያወጣበት ሕግ ለዚህም ይሠራል። ዝቅተኛው ድግግሞሽ የሚገኘው በግንዱ ውስጥ ያለው ፍጥነት ለቁመቱ አራት እጥፍ ሲካፈል ነው፤ ቀጣዩም የመጀመሪያው ሦስት እጥፍ ነው። በእርጥብ ግንድ ውስጥ ያለውን ፍጥነት ለስሌት ያህል በሰከንድ 3000 ሜትር እንበል። 20 ሜትር ቁመት ላለው ዋንዛ 3000 ለ80 ሲካፈል 37.5 ሄርዝ ይሆናል።

አንድሪያ ኮሎምቢ፣ ፊሊፕ ሩና ባልደረቦቻቸው በግሬኖብል አካባቢ ባለ ደን ውስጥ ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ሲያወጡ፣ የገጽ ሞገድ ከ30 እስከ 45 ሄርዝና ከ90 እስከ 110 ሄርዝ ባሉት ክልሎች በደኑ ውስጥ እንደሚዳከም አሳዩ። ሁለተኛው ክልል ከመጀመሪያው ሦስት እጥፍ አካባቢ መሆኑን አንባቢው ልብ ይበል፤ የሸምበቆው ሕግ ራሱ ነው የተናገረው። በዚያው ዓመት ተመራማሪዎቹ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ አንድ ሺህ ያህል የንዝረት መለኪያዎችን ግማሹን በጥድ ደን ውስጥ፣ ግማሹን በአጠገቡ ባለ ገላጣ ማሳ ላይ ደርድረው ነገሩን በሰፊው አረጋገጡ። ሙከራው የተደረገበት ሥፍራ ሚሚዛን ይባላል፤ ከእኛው ሚዛን ጋር በስምና በአቅጣጫ መመሳሰሉ አጋጣሚ ቢሆንም ደስ ያሰኛል።

ዛፎች በቁመት ቅደም ተከተል ቢደረደሩ ደግሞ ሌላ ነገር ይታያል። ሞገዱ እንደሚመጣበት አቅጣጫ ወይ በረድፉ ውስጥ ተይዞ ይመለሳል፣ ወይም ከገጹ ተነሥቶ ወደ ምድር ውስጥ ይወርዳል። የእያንዳንዱ ዛፍ ቁመት የየራሱን ድግግሞሽ ስለሚወስን፣ አጫጭሮቹ ፈጣኑን፣ ረጃጅሞቹ ዘገምተኛውን ንዝረት ይይዛሉ። የቡና አገር ደን ከዚህ አንጻር ሲታይ የሚያስገርም ነው። ከላይ እስከ 40 ሜትርና ከዚያም በላይ የሚያድግ ቀረሮ፣ ከሥሩ ዋንዛና ብሳና፣ ከእነዚህም ሥር ቡናው በደረጃ ቆመዋል። አንድ ወጥ የጥድ ተክል አንድ ድግግሞሽ ሲመልስ፣ ይህ ደን ሰፊ ክልል ሊመልስ ይችላል ብሎ መጠርጠር ይቻላል። እስካሁን የምናውቃቸው ትልልቅ የመስክ ሙከራዎች በአውሮፓ ደኖች የተደረጉ ናቸውና ለአገር ልጅ የተተወ ሥራ ነው።

ርቀት የሚያጣራው

ታዲያ ደኑ ከተማውን ይጠብቀዋልን? ስሌቱን እንገልብጠው። 1 ሄርዝ የሆነ ሞገድ ለመያዝ ዛፉ ስንት ሜትር መሆን አለበት? 3000 ለ4 ሲካፈል 750 ሜትር። ለ5 ሄርዝ እንኳ 150 ሜትር ያስፈልጋል። በዓለም ላይ ከታወቁት ዛፎች ረጅሙ 116 ሜትር ገደማ ነው። ዛፍ በነፋስ ሲወዛወዝ ከ1 ሄርዝ በታች ይነዝራል፤ ያ አይረዳምን የሚል ብልህ ተማሪ አይጠፋም። ውዝዋዜው አለ፤ ነገር ግን ግንዱ ሲታጠፍ በሥሩ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ወደ ላይና ወደ ታች ከሚነዝረው ጋር ሲነጻጸር ደካማ ስለሆነ ሞገዱን አይገታውም።

ከዚህ በላይ ግን ርቀት ራሱ አለ። ሞገድ በእያንዳንዱ ዑደት ጥቂት ጉልበቱን ወደ ሙቀት ይለውጣል። በአለት ውስጥ በሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የ30 ሄርዝ ሞገድ ርዝመቱ 100 ሜትር ነው፤ 240 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 2400 ዑደት ያስፈልገዋል። የ1 ሄርዙ ርዝመት 3 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ይህንኑ ርቀት በ80 ዑደት ይጨርሳል። የትኛው ቀድሞ እንደሚደክም ግልጽ ነው። ስለዚህ ከሐመርም ሆነ ከጁባ ተነሥቶ ወደ ሚዛን የሚመጣ ሞገድ ደኑ ሊይዘው የሚችለውን ክፍል በመንገድ ላይ ጨርሶ ነው የሚደርሰው። የቀረው ረጅሙና ዘገምተኛው ነው፤ እርሱ ደግሞ ደኑንም ጉድጓዱንም አያያቸውም። በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ መንቀጥቀጡን ከሁሉ ይበልጥ ያወቁት በረጃጅም ፎቆች የነበሩት የሆኑበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

የዚህ ነገር እጅግ አሳዛኙ ምሳሌ ሜክሲኮ ሲቲ ናት። እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1985 ከከተማዋ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በውቅያኖስ ዳር የተነሣ ማግኒቲዩዱ 8 የሆነ ርዕደ መሬት በሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገደለ። ከተማዋ የተሠራችው በደረቀ ሐይቅ ላይ ሲሆን፣ ያ ለስላሳ አፈር በሁለት ሰከንድ አንድ ጊዜ መወዛወዝ ጠባዩ ነበር። ከሩቅ የመጣው ሞገድ ከአፈሩ ጋር፣ አፈሩም መካከለኛ ቁመት ካላቸው ሕንፃዎች ጋር ተገጣጠመ። በጣም አጫጭሮቹና በጣም ረጃጅሞቹ በአመዛኙ ሲቆሙ መካከለኞቹ ፈረሱ። ርቀት ዋስትና አይደለም ማለት ነው።

ዛፍ ካልሆነ ሰው ሠራሽ ክብደት ለምን አይተከልም? የዙሪክና የቦሎኛ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ያቀረቡት ይህንኑ ነው፤ በአፈር ውስጥ በተቀበሩ ቱቦዎች ውስጥ በላስቲክ የተያዙ ከባድ ብረቶችን በሕንፃው ዙሪያ መደርደር። ከ10 ሄርዝ በታች ሊሠራ እንደሚችል በስሌትና በትንሽ ሞዴል አሳይተዋል። ከባዱ ነገር ዝቅተኛ ድግግሞሽ የሚፈልገው ልል ሞላ መሆኑ ነው። ክብደት በተራ ሞላ ላይ ሲቀመጥ ሞላው የሚረግበው መጠን ድግግሞሹን ይወስናል፤ ለ40 ሄርዝ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ ያነሰ፣ ለ1 ሄርዝ 25 ሴንቲ ሜትር፣ ለግማሽ ሄርዝ አንድ ሜትር። ብዙ ቶን የሚመዝን ብረት አንድ ሜትር አርግቦ ለሃምሳ ዓመት የሚሸከም፣ በክረምት ውኃ የማይበላሽ ሞላ ርካሽ ሊሆን አይችልም። አሳቢዎቹን ለመንቀፍ አይደለም፤ ዋጋው ግን መታወቅ አለበት።

ሬዞናንሱን ወደ ሕንፃው ማስገባት

ሕንፃ ራሱ በመሬት ላይ የተተከለ ክብደትና ሞላ ነው። በግርድፉ አንድ ፎቅ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ይጨምራል፤ ባለ አራት ፎቁ ለአንድ ውዝዋዜ 0.4 ሰከንድ፣ ማለትም 2.5 ሄርዝ አካባቢ አለው። በኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተፈለሰፈው የጎማና የእርሳስ ትራስ ከሕንፃው ሥር ሲገባ ይህን ጊዜ ወደ ሁለት ሰከንድና ከዚያ በላይ ያራዝመዋል፤ መሬቱ በፍጥነት ሲነዝር ሕንፃው ከላይ በዝግታ ይቆያል። በታይፔ 101 ሕንፃ ጫፍ አካባቢ የተንጠለጠለው 660 ቶን ኳስም የዚሁ የላስቲክና የጠጠር ሕግ ልጅ ነው። ከተማን ከማጠር አንድን ሕንፃ ማስተካከል ይቀላል፤ ምክንያቱም የሕንፃው ድግግሞሽ አስቀድሞ ይታወቃል፣ የርዕደ መሬቱ ግን አይታወቅም።

እንዲህ ያለ ትራስ ለማይገዛ ባለ ንብረትም ፊዚክሱ ይናገራል። ኃይል መጠነ ቁስ ሲባዛ በፍጥንጥነት ነው። መሬቱ የስበትን አንድ አሥረኛ ፍጥንጥነት ቢያገኝ እንኳ 100 ቶን የሚመዝን ወለል የ10 ቶን ክብደት ያህል የጎን ግፊት ይደርስበታል። ቀላል ጣሪያ ያለው የእንጨትና የጭቃ ቤት በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ ቀላልም ተጣጣፊም ነውና። ከተሞቻችን ግን ከእርሱ እየወጡ ነው። ከሥር ለሱቅ ሲባል ግድግዳ የሌለው፣ ከላይ በብሎኬት የተሞላ ባለ ሦስትና ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ በሚዛን አማንም በቴፒም እንደ ሌላው ከተማ ሁሉ እየበዛ ነው። በዚህ ሕንፃ ውስጥ ልሉ ሞላ የምድር ቤቱ ነው፤ ውዝዋዜው ሁሉ በእርሱ ምሰሶዎች ላይ ይከማቻል። የምሰሶው ጫፍና ጫፍ ላይ ስታፋው ጥቅጥቅ ብሎ ካልታሰረ ፌሮው ወደ ውጭ ይታጠፋል፣ ኮንክሪቱም ይፈረካከሳል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የአገራችን የርዕደ መሬት የሕንፃ ደንብ የ100 ዓመት ምላሽ ጊዜ ያለውን መንቀጥቀጥ መነሻ ያደረገ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የተተካው አዲሱ ደንብ መነሻውን ወደ 475 ዓመት ከፍ አድርጎታል። ስለዚህ በአሮጌው ደንብ ተሰልቶ የቆመ ሕንፃ በአዲሱ ሲመረመር ላያልፍ ይችላል።

የደን ሌላ ድርሻ መዘንጋት የለበትም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በዝናብ የራሰ ተዳፋት ተንዶ ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ያ በርዕደ መሬት የመጣ አልነበረም። ነገር ግን የራሰ ተዳፋት በመንቀጥቀጥ ጊዜ ይበልጥ ለመናድ እንደሚቀርብ የታወቀ ነው፤ አፈርን ሰብስቦ የሚይዘው ደግሞ ሥር ነው። ደን ከተማን ከንዝረት የሚጠብቀው እምብዛም ቢሆን ተዳፋትን ግን ይጠብቃል።

ደኑ የሚይዘው ንዝረት

ደኑ የሚያቆመው ከ20 እስከ 100 ሄርዝ ያለውን ከሆነ፣ በዚያ ክልል የሚነዝረው ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል። የድንጋይ መፍጫ፣ ከባድ መኪና፣ የቡና መፈልፈያ ሞተርና ጄኔሬተር ናቸው። መብራት በሚጠፋበት ጊዜ የሚነሣው የተለመደው የናፍጣ ጄኔሬተር በደቂቃ 1500 ጊዜ ይዞራል፤ ለ60 ሲካፈል 25 ሄርዝ። በአጠገቡ ማይክሮስኮፕ ወይም ሚዛን ያለው ቤተ ሙከራ ካለ ይህ ንዝረት እውነተኛ ችግር ነው፤ ለዚህ ደግሞ 750 ሜትር ዛፍ አያስፈልግም።

ሙከራው ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። አሥር ያህል ጂኦፎን፣ ከባድ መዶሻ፣ የሚመታበት የብረት ሳህንና አንድ የውሂብ መቅጃ ይበቃሉ። 100 ሜትር መስመር በገላጣ ማሳ ላይ፣ ሌላ 100 ሜትር ከጥላ ዛፍ ሥር በቡናው መካከል ተዘርግቶ፣ በሁለቱም ላይ መዶሻው እየተመታ የእያንዳንዱ ድግግሞሽ ድካም ይነጻጸራል። አፈሩ በሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ግዴታ ነው፤ አለዚያ የአፈሩ ልዩነት የዛፉ ሥራ መስሎ ይታያል። መለኪያውን በበጋና በክረምት መድገምም ይገባል። ጂኦፎን ያላገኘ ተማሪ አብዛኛው ዘመናዊ የእጅ ስልክ ፍጥንጥነትን በሰከንድ 100 ጊዜና ከዚያ በላይ ስለሚለካ፣ ስልኩን ከጄኔሬተሩ አጠገብ በሲሚንቶ ወለል ላይ አስቀምጦ 25 ሄርዙን ሊያይ ይችላል።

ለመነሻ የሚሆን አንድ ስሌት እንተው። በግንዱ ውስጥ ያለው ፍጥነት በሰከንድ 3000 ሜትር ከሆነ፣ 30 ሜትር ቁመት ያለው ቀረሮ የመጀመሪያ ድግግሞሹ በትክክል 25 ሄርዝ ነው። የተከለከለው ክልል የሚጀምረው ከዛፉ ድግግሞሽ ጥቂት ከፍ ብሎ ስለሆነ፣ ጄኔሬተሩን ለመያዝ ከ30 ሜትር ጥቂት የሚበልጡ ዛፎች ይፈለጋሉ። ምን ያህል እንደሚበልጡ፣ ስንት ረድፍም እንደሚያስፈልግ ለማወቅ በመጀመሪያ የግንዱን ትክክለኛ ፍጥነት በመዶሻና በሁለት መለኪያዎች በእያንዳንዱ ዛፍ ላይ መለካት ያስፈልጋል፤ ከዋንዛ ወደ ብሳና፣ ከብሳና ወደ ቀረሮ ይለያያልና።